እናታችን ለምን ታነክሳለች

ለወንድሜ ለዓለምሰገድ መኩሪያ፣

ጤናህ እንደምን ከርሟል? ባለቤትህ ሣባስ እንዴት ናት? የፍራንክፈርት ብርድስ ደረትህን ምን አደረገው? እኛ ከጉንፋን በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሰላምታዬ ካጠረብህ ስለተናደድኩ ነው። ይህን ወረቀት በፖስታ ሳይሆን ለበረራ ወደ እናንተ በምትመጣው በጎረቤታችን ልጅ፣ በአስተናጋጇ በገንዘቤ እጅ ስለሰደድኩት የልቤን እጽፋለሁ።

የእማዬን አረማመድ ጠይቀሃል። እናንተ ዘንድ የተቀየረላት ጉልበት ብረቱም ስፌቱም ደኅና ነው። የዚህኛው ሐኪም አጥፎ ዘርግቶ አየና፣ ጉልበቱስ ድኗል፣ እሷ ግን እንደታመመ እግር ትጎትተዋለች፤ ይህን ከለመደች ጅማቷ ይደርቃል፣ ወገቧም ይጎዳል፣ ኋላ የሚያቃናት የለም አለኝ። እኔ የሕመሙ ልማድ መስሎኝ ከዛሬ ነገ ትተወዋለች እያልኩ ደግፌ አወጣት አገባት ነበር። ጠያቂ ሲመጣማ ጭራሽ ከአልጋ አትወርድም። ጎረቤቱም ተይ አትነሺ እያለ ብርድ ልብሱን ይስብላታል። በሽተኛ ቆማ እንግዳ ብትቀበል ልጆቿ ምን ያሉ ጨካኞች ናቸው ሊባል ነዋ።

ያለፈው ቅዳሜ ከቀበሌ ስብሰባ ቀደም ብዬ ገባሁ። ጓሮ በርበሬ አስጥታ ኖሮ የሰው ዶሮዎች ገብተውበታል። በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት፤ ከዘራዋን ግድግዳው ላይ ጥላ፣ ጉልበቷን እያጠፈች፣ ተረከዟን እያስቀደመች እስከ አጥሩ አሳደደቻቸው። ዞር ስትል አየችኝና ወዲያው ማነከስ ጀመረች። ደሜ ፈላ። በእኔ ላይ ነው የምትቀልጂው ብዬ ጮህኩባት። አንገቷን ደፍታ፣ «ካልተሻለሽ ራሴ መጥቼ እወስድሻለሁ ብሎኛል። ዳነች ከተባለ ምን ሊያደርግ ይመጣል?» አለችኝ።

አየህ የአፍህን ሥራ? ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል። ስትሸኛት ለማባበል የወረወርካት ቃል እዚህ እናቴን አሽመድምዶብኛል። በዚህ ዘመን ቦሌ ላይ ብትወርድ እስር እንደሚጠብቅህ አውቃለሁ፤ ባትመጣ አልቀየምህም። የሚያንገበግበኝ ማባበልህ ነው። አንተ ከሩቅ እመጣለሁ ትላለህ፣ ታቅፌ የማነሣት የማስተኛት እኔ ነኝ። የእኔስ ወገብ የሰው አይደለም?

እንደማትመጣ አንተው ጻፍላት። እኔ ብነግራት ምቀኝነት ይመስላታል። ከአንተ ትስማውና ታልቅስ፤ አልቅሳ ይውጣላትና ትራመድ።

ሣባን በሁለት ጉንጮቿ ሳምልኝ። አክስታችን አፀደ ናፍቀኸኛል ብላሃለች። ልጆቼ ገሰሰና ሙሉ እጅ ይነሣሉ። እማዬ የምጽፈውን ሳታውቅ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ «እግሬ ገና ነው፣ እንዲያውም ብሶብኛል በይው» ትልሃለች።

ታላቅ እህትህ የሻሽወርቅ
ቦሌ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.