ቆዳሽ የጠበበሽ ዓመታት

አስኩዬ፣

ከተለያየን ዓመት አለፈን። እንደምን አለሽ ብልሽ መልስ አይመጣም፤ የቤታችንን ልንገርሽ። ልጃችን ሜሮን እርጉዝ ናት። አንቺ ሹሩባ ትሠሪባት የነበረችውን ክፍል አከራያት ቢሉኝ እንቢ ብያለሁ። መስኮቷን ከፍቼ እዚያው እውላለሁ። የታክሲ ረዳቶቹ «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» እያሉ ሲጣሩ እሰማለሁ። እግሬ ጤነኛ ነው፤ ግን በሩ ድረስ እሄድና እመለሳለሁ። እንደታሰረ ሰው ሆኛለሁ።

ሲጀምርሽ ክረምት ነበር። ልብስ ስታጥቢ ጣቶችሽ እንደ ኖራ ነጡ፤ ቆይተው ደግሞ ሰማያዊ ሆኑ። «ብርድ ነው» አልሽኝ። እኔም ብርድ መስሎኝ በብብቴ አሞቅኩልሽ። እያደር ጣቶችሽ አበጡ፤ ቆዳቸው ተወጥሮ ያብረቀርቅ ጀመር። ቆንጥጬ ላነሳው ብሞክር ካጥንትሽ የተጣበቀ ይመስል እንቢ አለኝ። በቀጭን ሹሩባ የታወቁት ጣቶች ወደ መዳፍሽ ታጥፈው ቀሩ። ከዚያ ክንድሽ፣ ደረትሽ፣ በመጨረሻም ፊትሽ። አንድ ጠዋት የቀሚስሽን ቁልፍ ስቆልፍልሽ፣ «ቀሚሱስ ሰፍቶኛል፤ የጠበበኝ ቆዳዬ ነው። እሱን ማን ያውልቅልኝ?» አልሽኝ።

ዘነበወርቅ ሆስፒታል ያየችሽ ሐኪም ስክሌሮደርማ ነው አለችን። ሰውነት የገዛ ራሱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲዋጋ ቆዳው እየወፈረ እየጠነከረ ይሄዳል፣ ሳንባንም ሊነካ ይችላል፣ ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም ብላ አስረዳችን። ይህን ለሰፈሩ ሁሉ ማን ይንገርልን? ደንበኞችሽ የሥጋ ደዌ መስሏቸው አንድ በአንድ ቀሩ። አንቺም ነጠላሽን እስከ ዓይንሽ ተከናንበሽ ከቤት መውጣት ተውሽ። አፍሽም እየጠበበ ሄዶ ጉርሻ አላስገባ ሲል በሻይ ማንኪያ አጎርስሽ ነበር።

የሜሮን እጮኛ ቤተሰቦች ከሳንሱሲ ለትውውቅ የመጡ ቀን ግን ከልቤ አይወጣም። ሁሉም ይጫወታል፣ ይስቃል፤ ያንቺ ፊት ብቻ አልተንቀሳቀሰም። የልጁ እናት ወይዘሮ ዘርፌ ወደ እህታቸው ጠጋ ብለው፣ «ልጃችንን አልወደዱትም መሰለኝ፤ ፊታቸው ይናገራል» ሲሉ ሰማሁ። አንቺም ሰማሽ። ሜሮን አንገቷን ደፋች። ላስረዳ ስነሳ በዓይንሽ መለስሽኝ። ግማሽ ፊትሽን የሸፈነውን ነጠላ አወረድሽ፤ ሄደሽ አጠገባቸው ተቀመጥሽ። እጃቸውን ይዘሽ ጉንጭሽ ላይ አደረግሽው።

«ይንኩት» አልሻቸው። «በሽታ ነው እንዲህ ያደረቀብኝ። አይተላለፍም፤ አይፍሩ። ከሥሩ ግን እየሳቅኩ ነው። ልጅዎን ወድጄዋለሁ።»

ወይዘሮ ዘርፌ እጃቸውን አልሰበሰቡም። «በሞትኩት!» አሉና ያንን ጉንጭሽን ደጋግመው ሳሙት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ጣቶችሽን በቅባት ሲያሹልሽ፣ እዚያ ቆዳ ውስጥ ብቻሽን አልነበርሽም።

ሰርጉን አየሽ፤ ተመስገን። ከሰርጉ በኋላ ግን ሳንባሽም እንደ ቆዳሽ ጠነከረ። መስኮቱን ወለል አድርጌ ስከፍትልሽ፣ «አየሩማ ሞልቷል፤ ደረቴ ነው አልከፈት ያለኝ» አልሽኝ። ጀርባሽን ደግፌ ከመቀመጥ በቀር የማደርግልሽ አልነበረም። እንደደገፍኩሽ ሄድሽ።

ለሙት ዓመትሽ ሜሮንና ባሏ የድሮ ፎቶሽን አሳድገው አመጡ፤ ጉንጭሽ ሞልቶ በጥርስሽ የምትስቂበትን። አጠገቡ የሰርጉን ፎቶ ሰቀልኩ፤ ከንፈርሽ የሳሳበትን፣ ፊትሽ የተወጠረበትን። ሜሮን አለቀሰች። «አባዬ፣ አውርደው። እሷን አይመስልም» አለችኝ። አላወረድኩትም። ያን ሁሉ ዓመት እዚያ ፊት ውስጥ ሆና የኖረችውን፣ የሳቀችውን፣ ልጇን የዳረችውን ሴት የት ላድርጋት?

ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ አንዱን ፎቶ አይቶ ወደ ሌላው ይዞርና፣ «ይቺኛዋስ ማን ናት?» ይለኛል።

«እሷው ናት» እላለሁ።

የልጅ ልጃችን አድጎ ሲጠይቀኝም ይህንኑ እነግረዋለሁ። እስትንፋሴ እስካለች ድረስ፣ አስኩዬ፣ እሷው ናት።

ያንቺው ታደሰ