የአፋፍ ሰፈር መስመር

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ወጣች! ባጃጃችን አራት ሰውና አንድ ጆንያ ድንች ጭና፣ የአህያ ማረፊያ የሚሉትን ጠምዛዛ አልፋ ወጣች። በጥድፊያ ነው የምጽፈው፤ ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው መስሏል።

በኋላ እንዳይጠፋብኝ ከሥሩ ላስቀምጠው። ማኅበራችን አራት ሴቶች ነን። ሦስታችን በየሰው ቤት ልብስ እናጥብ ነበር፤ የሻለም ደግሞ እንጨት ተሸክማ እየሸጠች ነው ልጆቿን ያሳደገችው። አሁን በኤሌክትሪክ የምትሠራ አንዲት ባጃጅ ደርሳናለች። መንጃ ፈቃድ ያለን እኔና የሻለም ብቻ ስለሆንን፣ እኔ ጠዋት እነዳለሁ፣ እሷ ከሰዓት። ሌሎቹ ሁለቱ ገና እየተማሩ ነው።

የጠየቅነው መስመር ከገበያው ተነሥቶ፣ በጤና ጣቢያው አልፎ አፋፍ ሰፈር የሚወጣውን ነው። እዚያ ያለው ሸማኔና የቀን ሠራተኛ ነው፤ ከገጠር የመጣ፣ ቤት ኪራይ ሲወደድበት ወደ ላይ ወደ ላይ የተገፋ። የቤንዚን ባጃጆች ዳገቱን አይወጡም። ነዳጅ ይበላል ይላሉ፤ ከወጡም በኮንትራት ነው። ጤነኛው በእግሩ ይወርዳል፣ የታመመው በቃሬዛ።

ከከተማው የትራንስፖርት ስምሪት ክፍል የመጣው አቶ ሰውነት ዛሬ ጠዋት በግልጽ ነግሮናል። እስከ ዓርብ እንሞከራለን። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰው ጭነን መውጣት መቻላችንን ካሳየን መስመሩ የእኛ ነው። ካቃተን አስፋልት ላይ ከሌሎቹ ጋር እንሰለፋለን። አስፋልት ላይማ ባጃጅ እንደ አሸን ነው፤ እኛን ማን ይፈልገናል? አፋፍ ሰፈርስ ምን ይውጠዋል?

ባለቤቴ ደሳለው የባጃጅ ሹፌር ነው፣ የቤንዚኑ። መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። ከትናንት ጀምሮ ማደያ ሰልፍ ላይ ስለሆነ ምሳውን ይዤለት ሄድኩ። «ወጣን» ስለው ከሳህኑ ቀና አላለም።

«መሬቱ ደረቅ ነው» አለኝ። «ዝናብ ሲመጣ እናያለን።»

ጓደኞቹ ሣቁ። አንደኛው፣ «ባትሪ ለእጅ መብራት ነው እንጂ ሰው ተሸክሞ ያውቃል?» አለ። ሳህኑን ተቀብዬ ተመለስኩ። ግን ወጥተናል። ይኸው ጻፍኩት።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ዝናቡ መጣ። የደሳለው አፍ!

ሁለት ጊዜ በደህና ወጣሁ። በሦስተኛው፣ አህያም ቆማ ከምትተነፍስበት ጠምዛዛ ላይ ስደርስ ጎማዋ መሽከርከር ጀመረች። ትሽከረከራለች እንጂ አትሄድም። ሰዎቹ ወርደው ገፉ። ልጇን አስከትባ የምትመለስ እናት ሳትቀር ልጇን እንዳዘለች ገፋች። ልብሷ ሁሉ ጭቃ ለብሶ፣ «አይዞሽ እቴ፣ ይታጠባል» ትለኛለች ለእኔ። ማፈር የነበረብኝ እኔ፣ የምታጽናናኝ እሷ።

አልወጣችም። ወደ ኋላ አንሸራትተን መለስናት። ከታች አንድ ሰው በስልኩ ይቀርጽ ነበር፤ እስከ ምሳ ሰዓት ገበያው በሙሉ አይቶታል። የሻለም አይታው፣ «ዛሬ እኔ አልወጣም፣ መሳቂያ አልሆንም» ብላ ግቢ ውስጥ ቁጭ አለች። አልፈረድኩባትም።

ከሰዓት ብቻዬን ተቀምጬ ጥፋቱን ፈለግኩ።

ጉልበት አላነሳትም። ባትሪዋም ገና ከግማሽ በላይ ነበረ። እኔም አልደነገጥኩም። (ደንግጫለሁ። ግን ትንሽ ነው።) መሬቱ ነው! የተነጠፈው ኮብልስቶን ካበቃበት እስከ ጠምዛዛው ጫፍ ድረስ ረግጬ ለካሁት፤ ሃያ ስድስት እርምጃ ጭቃ። ሰፈሩን በሙሉ ከከተማው የለየው ሃያ ስድስት እርምጃ ነው።

ደሳለው ሲመሽ ባዶውን ገባ፤ ቤንዚን አልደረሰውም። ሰልፉ ላይ ተራውን የሚጠብቅለት ሰው አስቀምጦ ነው የመጣው። ቪዲዮውን እንዳየ ከፊቱ አወቅኩ። «አላልኩሽም?» የሚለውን እየጠበቅኩ እራት አቀረብኩ። እሱ ግን እጁን ታጥቦ ተቀመጠና፣

«ጎማው ሲሽከረከር እጅሽን ከፍጥነት መስጫው ቶሎ መልቀቅ ነበረብሽ» አለኝ። «ባስገደድሻት ቁጥር ራሷን ትቀብራለች።»

ተናደድኩ። ግን ልክ ነው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ይህን ቀን ልጆቼ አንድ ቀን ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ማለዳ በእግሬ አፋፍ ሰፈር ወጣሁና ሴቶቹ ውኃ ለመቅዳት የሚሰለፉበት ቦኖ ጋ ቆምኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም ነበር። በመጨረሻ እንዲሁ ተናገርኩት፤ «ባጃጇ ትችላለች፤ ሃያ ስድስት እርምጃ ድንጋይ ቢነጠፍ ትወጣለች። እስከ ዓርብ ካልወጣች ግን አትመጣም።»

አንዷ፣ «ማዘጋጃ ቤት ይሠራዋል ከተባለ ስንት ዓመቱ» አለች። ሌላዋ ጀሪካኗን አንሥታ ልትሄድ ስትል የኔታ ከደጃፋቸው ድምፅ አሰሙ። የኔታ በዲማ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሊቅ ናቸው፤ አሁን ዓይናቸው ደክሞ ልጃቸው ቤት ተጠግተዋል።

«ነገ ምን ቀን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ሚካኤል ነው፣ የኔታ።»

«በሚካኤል ድንጋይ አይነሣም። እንግዲህ የሚነሣው ዛሬ ነዋ!»

በቃ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔም አላዘዝኩም፣ ማንም አላዘዘም። ሸማኔዎቹ ከሸማ መሥሪያቸው ተነሡ። ሥራ ሳያገኙ የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ዶማና ድጅኖ ይዘው መጡ። ሰው የገዛ አጥሩን ድንጋይ እየነቀለ ሲያመጣ በዓይኔ አየሁ። ትናንት ጭቃ የለበሰችው እናት ልጇን ለጎረቤት ሰጥታ ጠጠር በሳፋ ታመላልሳለች። የሻለምም መጣች። ትልቁን ድንጋይ በጀርባዋ አዝላ ስትወጣ፣ «እንጨቱ ይሄን አስተምሮኛል» አለችኝ እየሣቀች።

ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ቀና ስል ደሳለው ዶማ ይዞ ቆሟል።

የተነጠፈውን በእግሩ መታ መታ አደረገና በጎን በኩል መቆፈር ጀመረ። «ውኃው መሄጃ ከሌለው ድንጋያችሁን ይዞት ይወርዳል» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለሁሉም። ቦዩን እስከ ጠምዛዛው ጫፍ አደረሰው።

ውኃ ሳቀብለው፣ «ሰልፉስ?» አልኩት።

«ለቀቅኩት» አለ።

ሦስት ቀን የቆመበትን ተራ። ማታ እግሩን በሞቀ ውኃ አጠብኩለት፤ «ተይ እንጂ» ይላል፤ እግሩን ግን አላነሣም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

መብራት የለም! ትናንት ማታ ነጎድጓዱ ትራንስፎርመሩን መትቶት ጠፍቶ አድሯል። ጠዋት ግቢ ገብቼ ቁልፉን ስከፍት መስታወቱ ላይ የታየው ባትሪ ከመቶ 46 ነው። ድንጋዩ ተነጥፎ፣ ሰው ነጭ ለብሶ ሲጠብቅ፣ ባጃጇ ግማሽ ሆድ!

የሻለም እንደደረሰች ቁጭ ብለን ተማከርን። ዳገቱ ነው ባትሪ የሚበላው፤ ቁልቁል ስትወርድማ ፍሬን ሲያዝ እንዲያውም ትንሽ ትመልሳለች። ስለዚህ እንዲህ ወሰንን። ጉልበት ያለው በእግሩ ይውረድ፣ በእግሩ ይውጣ። የምንጭነው ሽማግሌ፣ አሮጊት፣ እርጉዝና በሽተኛ ብቻ። ገበያ ውስጥ መዞር የለም። ሙዚቃ የለም። (የሻለም ሙዚቃ ትወዳለች፤ ተቀየመች።)

ሰው ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንድም አልተቆጣ። ወጣቶቹ ራሳቸው ሽማግሌዎቹን እየደገፉ አመጡልን።

ከንግሡ ሲመለሱ ካፊያ ጀመረ። የመጀመሪያውን ምልልስ እኔ ያዝኩ። የኔታ ከኋላ፣ አጠገባቸው አንድ ቄስ፣ ሁለት እናቶች። ኮብልስቶኑ አለቀ። የእኛ ድንጋይ ጀመረ። ደሳለው እንዳለኝ እጄን ለስለስ አደረግኩ። አንድ ጊዜ ተንገጫገጨች፣ ከዚያ እንደ ድመት ድምፅ ሳታሰማ ወጣች። እናቶቹ እልል አሉ፤ ከላይ የቆሙትም ተቀበሏቸው። አልቅሻለሁ፣ ግን ዝናብ ስለነበር ማንም አላየም።

የኔታ ከመውረዳቸው በፊት፣ «እናንተ ትነዳላችሁ፤ እነዚያ ማደያ የተሰለፉትም ይነዳሉ» አሉ።

«ቤንዚን የላቸው፣ ምኑን ይነዳሉ የኔታ?» አልኳቸው።

ቄሱ በሣቅ ፈረሱ። «‹ዳ›ን አጥብቀሽ ስሚው» አሉኝ። ያኔ ገባኝ፤ እንደ እሳት ይነዳሉ ማለታቸው ነው፣ በንዴት። ሣቅኩና ወዲያው ደሳለው ትዝ ሲለኝ ሣቄን ዋጥኩት።

«የኔታ፣ ባለቤቴም እኮ ከእነሱ ነው።»

«ትናንት ቦይ ሲቆፍር የሰማሁት?» አሉ በትራቸውን እየፈለጉ። «እሱማ በርዷል።»

ስድስት ጊዜ ወጣን፣ እኔ ሦስት፣ የሻለም ሦስት። ቁልፉን ስንዘጋ 9 ይላል። አንድም ሽማግሌ መንገድ ላይ አልቀረም።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

መብራቱ ንጋት ላይ መጣ፤ እየዘለልኩ ሄጄ ሰካሁ።

አቶ ሰውነት በአራት ሰዓት መጥቶ፣ «እኔ ራሴ እሳፈራለሁ» አለ። ሰውየው ወፍራም ነው፣ እግዜር ይይለትና! ሌሎች ሦስት ሰዎች ጨምሮ ተሳፈረ። ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረ ዝናብ በደሳለው ቦይ እየተንፎለፎለ ይወርዳል፤ ድንጋዩ ግን እንዳለ ነው። ወጣን። ላይ ስንደርስ ወርዶ መንገዱን አየና፣ «ይሄን ማን ሠራው?» ብሎ ጠየቀ። ማን ብዬ ልንገረው? «እነሱ» ብዬ ሰፈሩን በሙሉ አሳየሁት።

ከዚያ የፈራሁትን ጠየቀ። «መብራት ሲጠፋስ?»

መዋሸት ይቻል ነበር። የሻለም በክርኗ ጎሰም አድርጋኛለች። እኔ ግን፣ «አንድ ሌሊት ቢጠፋ እየመረጥን እንሠራለን፣ ትናንት አድርገነዋል። ሁለት ቀን ሙሉ ከጠፋ ግን እንቆማለን» አልኩት። ጻፈው። ምን እንዳሰበ ፊቱ አይናገርም።

በዘጠኝ ሰዓት አስጠራን። ክረምቱን እንድንሠራ ተፈቅዶልናል። መስከረም ላይ እንደገና ይታያል፤ ከጸና ሁለተኛ ባጃጅም ይመደባል። «እውነቱን ስለነገርሽኝ ነው» አለኝ ወረቀቱን ሲሰጠኝ።

የባጃጇ ግንባር ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ እኔ ነኝ የያዝኩት፦ ገበያ – ጤና ጣቢያ – አፋፍ። አፋፍ ሰፈር በታፔላ ላይ ሲጻፍ ይህ የመጀመሪያው ነው። የሻለም አላመነችም፤ ጣቷን ፊደሉ ላይ እያስኬደች ሦስቴ አነበበችው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

የገበያ ቀን። ደክሞኛል፣ አጭር ልጻፍ።

ያ የእጅ መብራት ብሎ የቀለደው ሹፌር ጠዋት ለብቻዬ ጠራኝና፣ «ማኅበራችሁ ወንድ ይመዘግባል እንዴ?» አለኝ። «ሴቶች ብቻ ነን፣ ወንድም ጋሼ» አልኩት። ውስጤ ጨፈረ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ከሰዓት በኋላ ደሳለው ግቢ ውስጥ ልሞክራት አለ። ተቀመጠ፣ ቁልፉን ከፈተ፣ ጆሮውን አቀና። «አልተነሣችም እኮ» ይላል። «ተነሥታለች፤ ድምፅ የላትም» ስለው የፍጥነት መስጫውን ጠመዘዘና ቆርቆሮ አጥሩ ላይ ወስዶ ለጠፋት! ሁላችንም በሣቅ ሞትን። እሱም ሣቀ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። መከላከያዋ ትንሽ ጎብጧል፤ እሱው በመዶሻ አቀናው። አሥራ አንድ ዓመት ሹፌር ነው፤ ዛሬ ግን እኔ ነኝ «ቀስ በል» ያልኩት።

እሑድ፣ ሰኔ 15

ዛሬ ዝናብ የለም። ከቅዳሴ በኋላ አፋፍ ሰፈር ላይ ተሳፋሪ ስጠብቅ፣ አንዲት ባልቴት በሁለት ምርኩዝ ተደግፈው መጡ። እማማ አልጋነሽ ይባላሉ። ከወደቁ ወዲህ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ ከሰፈሩ ወርደው አያውቁም። ደግፌ አሳፈርኳቸው።

«ጤና ጣቢያ ነው፣ እማማ?»

«የለም፣ ደህና ነኝ።»

«ቤተ ክርስቲያን ላድርስዎት?»

«እሱንም ከዚሁ ከደጄ ሆኜ ተሳልሜያለሁ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንዲያው ከተማውን ልየው ብዬ ነው ልጄ። ነውር አለው?»

ነውር የለውም። ሰው ስለታመመ ብቻ ነው እንዴ የሚሳፈረው?

ሌላ ተሳፋሪ አልነበረምና፣ ባትሪውም ሙሉ ነበርና ከመስመሬ ወጣሁ። (አቶ ሰውነት ይህን አያነብም።) በገበያው፣ በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን፣ በመናኸሪያው አዞርኳቸው። «ይሄ ፎቅ የማነው? ያ ዋርካ የት ሄደ? እዚህ ጋ እኮ ሜዳ ነበር!» ይላሉ። ባጃጇ ድምፅ የላትምና የሚሉት ሁሉ ይሰማኛል። ማደያው ጋ ሰልፉን ሲያዩ፣ «ለቅሶ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ወደ አፋፍ ተመለስን። ደጃፋቸው ላይ ቆምን፤ አልወረዱም። እኔም አላስቸኮልኳቸውም። ወደ ምሥራቅ ደመናው መክበድ ጀምሯል፤ ዛሬ ማታ መብራት ይጥፋ አይጥፋ አላውቅም። ድንጋዩ እስከ መስከረም ይዘልቅ እንደሆነም አላውቅም።

«ነገም ትመጫለሽ?» አሉኝ።

«መስመሬ ነው እኮ፣ እማማ።»