የሰሎሜ ክምር

ጥቅምት 11
ዛሬም ዝናብ። የልጅ ልጄን ሰሎሜን ከኬጂ ላመጣ ስሄድ መምህርቷ በር ላይ አስቆመችኝ። ልጅቷ ዕቃ መመደብ አልቻለችም፣ የተሰጣትን ሁሉ አንድ ላይ ትከምራለች አለች። «እማማ፣ እስቲ ቤት ውስጥ ያለማምዷት። በቀለም፣ በመጠን፣ በሚሰጠው ጥቅም።»
እኔ? ፊደል የቆጠርኩት ልጄ ጢም ካበቀለ በኋላ ነው። እኔን ማን አለማመደኝ? እናቷን ጥሪ ልላት ነበር... ጵርስቅላ ከሱቅ የምትወጣው ሲመሽ ነው። አባቷ፣ ልጄ ብሩ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ብሎ የወጣው ይቺ ገና በሆድ ሳለች ነው። ስለዚህ እኔ ነኝ። ሁሌም እኔ።

ጥቅምት 13
ባቄላና በቆሎ ደባልቄ ሰጠኋት። ለየች። ድንቹንም ትልቅና ትንሽ አድርጊው አልኳት። ከእያንዳንዱ ትልቅ ድንች ጎን አንድ ትንሽ አስቀመጠች። ትልቁ ወዲህ፣ ትንሹ ወዲያ ነው ስላት አኮረፈች።
«ሕፃኑ ብቻውን ያለቅሳል።»
ድንች ሲያለቅስ የት አየሽ አልኳት። ለራት እንደደረደረችው ጥንድ ጥንዱን እያነሣሁ ቀቀልኩት። ለምን? እንጃ።

ጥቅምት 17
የጵርስቅላ ወንድም ነህምያ ከአገራቸው ከአንጋጫ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። እንደገና ያው ወሬ። ከብሩ ጋር የተጓዘው ልጅ ተመልሷል፣ መንገድ ላይ ጫካ ውስጥ በእጄ ቀበርኩት ይላል። ድንኳን እንትከል፣ እርም ይውጣ አሉ። ሬሳ ሳላይ አላለቅስም አልኩ።
ነህምያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማማ፣ እህቴ ሚስትም አይደለች፣ መበለትም አይደለች። ምን ትባል?»
ጵርስቅላ ቀና ብላ አላየችኝም። የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ ሄዱ። ይሂዱ።

ጥቅምት 18
ከማን እደብቃለሁ... ይህን የማነበው እኔው ነኝ። እምቢ ያልኩት ለብሩ ብቻ አይደለም። እርም ከወጣ ጵርስቅላን ወገኖቿ ይወስዷታል። እናት ከሄደች ልጅም ትሄዳለች። እኔስ?

ጥቅምት 24
የታጠበውን ሁሉ አልጋ ላይ ዘረገፍኩላት። የሚለበሰው ወዲህ፣ የምንተኛበት ወዲያ። ቀሚሷን፣ የእናቷን ሹራብ፣ ነጠላዬን ወዲህ አደረገች። አንሶላውንና ብርድ ልብሱን ወዲያ። ጎበዝ ልላት ስል የብሩን ጃኬት አንስታ አንሶላው ላይ ጣለችው።
ጃኬት ይለበሳል እንጂ ይተኙበታል ወይ አልኳት።
«የአያቴ ትራስ ነው።»
ከሄደ ጀምሮ አቅፌው ነው የምተኛው። እሷ ሌላ ምን አይታ ታውቃለች? የአባትሽ ልብስ ነው አልኳት። አገላብጣ አየችው፣ አሸተተችው። እሺ፣ አሁን የማን የማን እንደሆነ ለዪልኝ አልኳት። የእሷ። የእናቷ። የእኔ። ሦስት ክምር ሆነ። ጃኬቱ እጇ ላይ ቀረ።
«የት ላድርገው?»
ጵርስቅላ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ መግባቷን አልሰማሁም። ልጅቷ ዞር ዞር እያለች ታየናለች፣ መልስ ትጠብቃለች... ቦታ አልነበረውም። እኔ ነኝ ቦታ የከለከልኩት።
ጵርስቅላን፣ ለወንድምሽ ደውዪለት አልኳት። አፏን በእጇ ይዛ ወጣች።

ኅዳር 2
ድንኳኑ ዛሬ ተነሣ። ድምፄ ጠፍቷል። ያ አብሮት የተጓዘው ልጅ መጥቶ በለቀስተኛው ፊት ሁሉን ተናገረ። ብሩ መጨረሻ ላይ ውሃ ለምኖ ነበር አለ። ውሃ ብቻ... ጵርስቅላ እግሬ ላይ ተደፍታ «እማዬ፣ እማዬ» ስትል አደረች። አላነሣኋትም። እኔም አብሬያት መሬት ወረድኩ።

ኅዳር 20
ወደ አንጋጫ ሄዱ። ሂዱ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አላስገደደኝም። ገና ወጣት ናት፣ ምን ታድርግ?
ሰሎሜን አዝዬ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ሾፌሩ ሰው እየቆጠረ፣ ሦስታችሁም ናችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጵርስቅላ መሬት መሬቱን አየች። ሰሎሜ ግን ከጀርባዬ ወርዳ ጣቷን ቀሰረች።
«የምንሄደው እኔና እማዬ። የምትቀረው አያቴ።»
አልተሳሳተችም።
«ጎበዝ» አልኳት።