አፍልቼ ያጠጣሁት ጭማቂ

ዘሪቱ፣
ብርቱካን ፍለጋ ገዘር ገበያ ወጥቻለሁ። ፍሪጁ ውስጥ በረዶ የሆነ አንድ ጣሳ ጭማቂ ቀርቷል። አውጥተሽ በራሱ ጊዜ እንዲቀልጥ ተዪው፤
እሳት እንዳታሳዪው።

የነጋሽን ድድ የሚያደማው የቫይታሚን እጥረት ነው አለኝ ዛሬ ሊያክመው የመጣው ድሬሰር። ጭማቂው በረዶ ቢሆንም ቫይታሚኑ ብዙም አይጎዳም፤ የሚያጠፋው ማፍላት ነው። እኔ ደግሞ ከጦር ሜዳ ታሞ የመጣ ወንድምሽን ብርድ እንዳይመታው ብዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ አፍልቼ አጠጣሁት።

ፍሪጁ ላምባ ሊጨርስ ነው፤ ጀሪካኑ ከበሩ ጀርባ አለ።

«አታፍዪው» ብለሽኝ ነበር። ጮኽኩብሽ።

ዛሬ ጠዋት፣ ድሬሰሩ ሳይመጣ፣ የፈላውን ሲጠጣ አንድ ጥርሱ ኩባያው ውስጥ ወደቀ። ኩባያውን አጥቦ መለሰልኝና
«እጅሽ ይባረክ» አለኝ።

መኪያ