ይቅርታን ለአገር ያስተማሩት የመምሬ አለምነው ደሳለው የሕይወት ታሪክ

(በእህታቸው ልጅ በበዛች መለሰ የተጻፈ)

መምሬ አለምነው ደሳለው ከአባታቸው ከቄስ ደሳለው ፈንታሁንና ከእናታቸው ከወይዘሮ የትምወርቅ አወቀ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ የገብስ አገር በ1941 ዓ.ም. ወደዚህ ዓለም መጡ። ፊደል ከአባታቸው፣ ዜማና ቅኔ አገር ለአገር ዞረው ተማሩ። በ1962 ዓ.ም. ከወይዘሮ አልታየች ብዙነህ ጋር በቁርባን ተጋብተው ቅስና ተቀበሉ፤ አንዲት ልጅም፣ ስመኝን፣ ወለዱ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ካህናትንና የመስጊድ አባቶችን ስለ ይቅርታ ማስተማር ያዙ። ከወዳጃቸው ከሼህ መሐሙድ ጋር ከአቀስታ እስከ ደጎሎ ያልደረሱበት አዳራሽ የለም። አፋቸው ማር ነበር። ዛሬ ከፊት ከቆማችሁት ካህናት ስንቶቻችሁ በነጠላችሁ ጫፍ እንባችሁን ጠርጋችኋል! ምን ዋጋ አለው፤ ምሳ ሲቀርብ የተኳረፉት ያው ጀርባ ተሰጣጥተው ይበሉ ነበር። መምሬም ይህን እያዩ ትምህርቱ ሠመረ ብለው ይመለሱ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ስመኝ ወደ ዓረብ አገር ሄደች። ደላላው በክርስቲያን ስም ቪዛ አይገኝም ስላላት በፓስፖርቷ ላይ ፈርሂያ ተባለች፤ ማተቧንም ፈትታ በቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ሰፋችው። ያን ጊዜ ከመንደሩ የሄዱት ሴቶች ሁሉ ያደረጉት ይህንኑ ነው። የላከችው ገንዘብ የአባቷን ቤት ቆርቆሮ ሲያለብስ፣ ለደብሩም ምንጣፍ ሲገዛ፣ በማን ስም ተላከ ብሎ የጠየቀ ካህን አልነበረም።

በ2003 ዓ.ም. ስትመለስ ግን አባቷ አንገቷን ባዶ አይተው ሃይማኖቷን የሸጠች አሏት። ጠርዙን ተርትራ ማተቧን ብታሳያቸው ፊታቸውን አዞሩ። ይፍቱኝ ብላ እግራቸው ሥር ወደቀች፤ እግዚአብሔር ይፍታሽ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ካህናቱስ? ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም። ሊለምኑላት የመጡት ሼህ መሐሙድ ብቻ ናቸው።

«መምሬ፣ ስሙን እኛ እንወስደዋለን፤ እርስዎ ልጅዎን ይውሰዱ» አሏቸው።

«የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ኖሮ አባቷን መክሬ አስታርቃት ነበር» ሲሉ መምሬ መለሱ። በሳምንቱም እንደ ልማዳቸው ኩታበር ሄደው ስለ ይቅርታ አስተማሩ። ድፍረት ካሉ አይቀር እንዲህ ነው!

በ2005 ዓ.ም. ስኳር በሽታ ዓይናቸውን ጋረደው። ወይዘሮ አልታየች ቀድመው አርፈው ስለነበር፣ ያጠበቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው፣ እየመራች ቤተ ክርስቲያን ያደረሰቻቸው ያችው ስመኝ ናት። ጉርሻዋን ተቀበሉ። ጠዋት ጠዋት ይፍቱኝ ስትላቸው ግን ወደ ግድግዳው ይዞሩ ነበር። ጥር 19 ቀን 2008 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ሲያርፉ ራሳቸውን በጉልበቷ ላይ ይዛ፣ አሁንስ ይሉኝ ይሆናል ብላ እስከ መጨረሻው ትንፋሽ ጠበቀች። አላሏትም።

ለዚህ ጽሑፍ ደግሞ አንዳንድ ካህናት የስመኝ ስም ቢቀር ይሻላል ሲሉ መክረው ነበር። ጸሐፊዋን ሙት ወቃሽ በሏት እንጂ ስሙ አይቀርም። መምሬ አለምነው አንዲት ልጅ ትተው አልፈዋል፤ እሷም ስመኝ አለምነው ትባላለች።

ለልጃቸው የነፈጉትን ይቅርታ እግዚአብሔር ለእሳቸው አይንፈጋቸው። አሜን።