ለእማማ ፔና የፈሰሰው ውሃ

ሩሚዬ፣

ካርዷ ጠባብ ናትና የዛሬውን ጠዋት ብቻ ልንገርሽ። እዚህ ቪዲን ከተማ አጠገብ ባለው መንደር፣ ክፍል ያከራዩኝን እማማ ፔናን ልጃቸው ቦያን ስፔን ሊወስዳቸው መጣ። አገራችን የአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከገባች ወዲህ የመንደሩ መንገድ አስፋልት ለብሷል፣ ቧንቧውም አዲስ ነው። እኛ ፕሎቭዲቭ በመኪና ማቆሚያ ስንነታረክ፣ እዚህ በዚያ ሁሉ አስፋልት ላይ የሚሄድ ሰው የለም። ወጣቱ ደህና ደሞዝ ፍለጋ ነቅሎ ወጥቷል፤ ማን ይፈርድበታል?

ለሄደው ሁሉ፣ መንገዱ እንደ ውሃ ይፍሰስለት ብለው ደጃፍ ላይ ውሃ ያፈሰሱት እማማ ፔና ናቸው። ዛሬ መኪናው ሞተሩ ተነስቶ እሳቸው የመዳብ ባልዲያቸውን ይዘው ቆሙ።

«እማዬ፣ ግቢ እንጂ! ረፈደብን እኮ!»

«ለእኔስ ማን ያፍስስልኝ?»

ቦያን ባልዲውን ሊቀበል እጁን ዘረጋ።

«አንተማ ተጓዥ ነህ። ውሃ የሚያፈሰው የሚቀር ሰው ነው» አሉት።

ግራ ቀኙን አዩ። በሩ ሁሉ ዝግ ነው። ባልዲውን ተቀብዬ ጠብ ጠብ ሳደርግ፣ «ምነው ልጄ፣ የዓይን ጠብታ አደረግሽው? ልቀቂው!» አሉኝ። ሳቅንና ለቀቅኩት። መኪናው እርጥቡን አስፋልት ረግጦ ሄደ።

እናትሽን ሳሚልኝ፣ መንትዮቹንም። ቦታ አለቀብኝ። እኔም ነገ እንደምሄድ ግን ለእማማ ፔና አልነገርኳቸውም።

ዴሲስላቫ