ሁለት ሜትር ወደ መንገድ ስለገባው የድንጋይ አጥሬ፣ ለካቶ ፔፍኮ መንደር ምክር ቤት

ለክቡር አቶ ፖሊክሮኒስ ማንዳላስ
የካቶ ፔፍኮ መንደር ምክር ቤት ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነትና ደህና በሚሠራ ማራገቢያ አጠገብ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር አርጊሪስ ኩርኩታስ፣ ሳሉ አልለቅ ካለኝ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን ከነሐሴው ቃጠሎ ወዲህ ከመላው መንደር ጋር የምጋራው ስለሆነ ለብቻዬ አላማርርበትም።

በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ምክር ቤትዎ በመንደራችን ላይ አንዳች ለውጥ እንዳይደርስ ላለፉት ስድስት ዓመታት ያደረገውን ያላሰለሰ ጥበቃ ለማመስገን፣ ከዚህም ምስጋና ለእኔ የሚገባኝን ትልቁን ድርሻ ለመጠየቅ ነው።

አንደኛ፦ የደን ባለሙያዋ ኤቫንቲያ በቡና ቤቱ አዳራሽ ቆማ፣ በጋው ከዓመት ዓመት እየከፋ መሆኑን፣ እሳቱም አንድ ቀን ከጥድ ደኑ ወርዶ እኛ ዘንድ መድረሱ እንደማይቀር ስታስረዳን፣ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ስላዳመጧት አመሰግናለሁ። የጠየቀችው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ለቤቶቹ የተጠጉት ጥዶች እንዲቆረጡና ወደ ላይኛው ሰፈር የሚወስደው ብቸኛ መንገድ እንዲሰፋ። መንገዱ የሚጠበው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ አያቴ በገነቡት፣ ሁለት ሜትር ያህል ወደ መንገዱ በገባው የእኔ አጥር ዘንድ።

ኤቫንቲያ ተማሪዬ ነበረች። ግድግዳው ላይ የሰቀለችው የሙቀት ግራፍ እኔ ራሴ ለሠላሳ አንድ ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሣልኩት፣ አስተካክሎ ያልሣለውን ተማሪ ነጥብ የቀነስኩበት ያው ሽቅብ የሚወጣ መስመር ነው። እጄን አወጣሁና «ልጄ፣ እሱ እኮ ለፈተና ነው!» አልኳት። አዳራሹ አውካካ። እርስዎም እንባዎ እስኪመጣ ሳቁ፤ በማስተማር ዘመኔ ሁሉ እንዲያ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። እሷ ወረቀቷን እየጠቀለለች «መምህር፣ እርስዎ እንዲህ ካሉ እኔ ማንን ላሳምን?» አለችኝ። እኔም ወዲያው ጉዳዩ በኮሚቴ ይጠና የሚል ሐሳብ አቀረብኩ።

ሁለተኛ፦ የዚያ ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገው ስለሾሙኝ አመሰግናለሁ። አሥራ አራት ጊዜ ተሰብስበናል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ስብሰባዎች የኮሚቴውን ስም ተከራክረንበት፣ «እሳት» የሚለው ቃል እንግዶችን ያስበረግጋል ተብሎ ተሰርዟል። ከዚያ በኋላ ስለሚቀልጠው የዋልታ በረዶና ስለ ሩቅ አገር ፋብሪካዎች በቁጭት ተወያይተናል፤ የሰው ልጅ ለመለወጥ ፈቃደኛ አለመሆኑ ሁላችንንም እጅግ አሳዝኖናል። በመጨረሻው ስብሰባ፣ በእኔው አቅራቢነት፣ አጥሬ በቅርስነት እንዲመዘገብ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ፊርማዎ ያረፈበትን ወረቀት በመስታወት አስገብቼ ሳሎኔ ሰቅዬዋለሁ።

ሦስተኛ፦ የነሐሴው የቃጠሎ ቀን ነው፤ እዚህ ላይ ማንን እንደማመሰግን አላውቅም። የስልኬ የማስጠንቀቂያ ጩኸት የቀትር እንቅልፌን እንዳይረብሽብኝ ዘግቼው ስለነበር የነቃሁት በጭሱ ነው። በነጠላ ጫማ ስወጣ የእሳት አደጋ መኪናው አጥሬ ጋ ደርሶ ማለፍ አቅቶት ቆሟል። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ቀስ! አጥሩን እንዳትነካው!» የሚል ነበር።

ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አባባ፣ ላይ ቤት ሰው አለ?» አለኝ።

«አሬቲ አለች፤ ጎረቤቴ ናት፤ ብቻዋን ናት» አልኩት።

«እና እርስዎ የሚያሳስብዎት አጥሩ ነው?» አለና መኪናውን ወደ ኋላ መለሰ። በወይን እርሻው ዞሮ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ፈጀበት።

በእግሯ ሮጣ የቀደመችው ኤቫንቲያ ነች። ወይዘሮ አሬቲን ያገኘቻት በረት ውስጥ፣ የበቅሎዋን የጋለ ሰንሰለት በባዶ እጇ ለመፍታት ስትታገል ነው። እየጎተተች አወጣቻት። በቅሎዋ አልወጣችም። ቤቷም እስከ መሠረቱ ነደደ። እሳቱ እኔ ዘንድ ሲደርስ ንፋሱ ዞረ።

በሳምንቱ ብርቱካን ገዝቼ አሬቲን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄድኩ። ሁለት እጇ እስከ ክርኗ በፋሻ ተጠቅልሎ ሳየው ነው ብርቱካን የሚላጥ ነገር መሆኑ ትዝ ያለኝ።

«አንተ አርጊሪስ፣ አጥርህ ተረፈ?» አለችኝ።

«ተርፏል።»

«እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለህ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቁጭ ብዬ ብርቱካኑን ሁሉ ላጥኩት። አንዱንም አልቀመሰችም።

አራተኛ፦ በመስከረሙ ስብሰባ ኤቫንቲያ ያንኑ ወረቀት ይዛ ስትመጣ፣ ከኋላ አንዱ «አሁን ደግሞ ምን የሚቃጠል ቀረና ነው?» ብሎ አዳራሹን ሲያስቅ፣ እርስዎ «ይህ ተስፋ ሰጪ አስተያየት ይመዝገብ» ማለትዎን አደንቃለሁ። እኔ ለመናዘዝ ነበር የመጣሁት፤ ንግግሬን ጽፌ ኪሴ ውስጥ ይዤ ነበር። እርስዎ ግን ቀድመው አዲስ ኮሚቴ መቋቋሙን አበሰሩና «ሰብሳቢነቱን ልምድ ላለው ለመምህር አርጊሪስ» አሉ። አንደበቴ «በደስታ!» አለ። ወደ ቤቴ ስመለስ ሦስት ጊዜ መንገድ ላይ ቆምኩ፤ ከእድሜዬ የተነሳ ነው እንዳይሉኝ፣ ከኀፍረት ነው።

ስለዚህ ከሰብሳቢነቱ መልቀቄን በትሕትና አስታውቃለሁ። አጥሩን ለማፍረስ ፈቃድ ብጠይቅ፣ ቅርስ በመሆኑ ስምንት ወር እንደሚፈጅ ጸሐፊዎ በአክብሮት ነገሩኝ። በመሆኑም ሐሙስ ጠዋት መዶሻ አንስቼ ራሴው ጀመርኩት። ኤቫንቲያ በዚያ ስታልፍ አይታኝ «ኧረ መምህር፣ ወገብዎን! ይስጡኝ እስቲ» ብላ መዶሻውን ተቀበለችኝ። እስከ ቀትር ጨረስነው። ድንጋዮቹ የአያቴ ናቸው፣ ጥሩ ድንጋዮች ናቸው፤ ወደ አሬቲ ግቢ አጓጉዘናቸዋል፤ ለአዲሱ ቤቷ መሠረት ትቀበላቸው አትቀበላቸው ገና አላወቅሁም። ቅርስ በማፍረሴ ተገቢው ክስ እንዲመሠረትብኝ፣ ችሎቱም በግልጽ እንዲታይ እለምናለሁ፤ በካቶ ፔፍኮ አንድ ነገር ተለውጦ እንደነበር በመዝገብ ቢቀር ደስ ይለኛል።

ለእርስዎና ለምክር ቤትዎ አባላት ከተቀመጡበት ሳይነቃነቁ ረጅም ዕድሜን እየተመኘሁ፣

የቀድሞ መምህር፣ የቀድሞ ሰብሳቢ፣ የቀድሞ ባለ አጥር
አርጊሪስ ኩርኩታስ

ከፊርማዬ በኋላ፦ ይህን ደብዳቤ በእጄ ላደርስልዎ ብመጣ በሩ ተዘግቶ አገኘሁት። የተለጠፈው ማስታወቂያ «በዘንድሮው ያልተለመደ ሙቀት ምክንያት ቢሮው ዝግ ነው» ይላል። ቀረብ ብዬ ሳነበው፣ ከሥሩ ያለው ዓመተ ምሕረት አራት ጊዜ እየተፋቀ በላዩ ተጽፎበታል።